የወጣ ጠጠር ለምን ይመለሳል? ከአንዲት ትንሽ ጊኒ ፒግ የተማርነው



ዛሬ የምጽፍላችሁ በዋናነት ስለ ሰው አይደለም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታላቅ እህቴ ቤት ስለኖረች አንዲት ጊኒ ፒግ ነው። አገር ቤት ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ይህችን እንስሳ በአካል አይታችኋት ላታውቁ ትችላላችሁ። ውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ግን በደንብ ታውቋታላችሁ። ልጆች "ውሻ ካልገዛችሁልን" ብለው ሲያስቸግሩ "እሺ፣ ትንሽ ነገር ይሁን" ተብሎ ቤት የሚገባው እንስሳ ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

ስሟ "ፒግ" ቢልም አሳማ አይደለችም፤ ከጊኒም አልመጣችም። ከአይጥ ወገን የሆነች፣ ጭራ የሌላት፣ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ለምግብ ያላመዷት ሣር በል እንስሳ ናት። ስታድግ ከ700 ግራም እስከ 1.2 ኪሎ ትመዝናለች። በደንብ ከተያዘች ከ5 እስከ 8 ዓመት ትኖራለች። የእህቴ ልጅ የእሷን መልክ አይታ "ሽሮ" ብላ ሰየመቻት።

እኔ የሰው ሐኪም ነኝ። እንስሳ አላክምም። እህቴ ግን ሽሮ በታመመች ቁጥር የምትደውለው ለእኔ ነበር። "እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም እኮ" ስላት አንድ መልስ ነበራት፦ "አንቺ ሐኪም አይደለሽ እንዴ? ጠጠር ጠጠር ነው!"

ጠጠር ግን ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው።

*የመጀመሪያው ምልክት*

ሽሮ 3 ዓመት ሲሆናት ከሥሯ የሚነጠፈው ነጭ ጨርቅ ላይ ሮዝ እድፍ ታየ። ስትሸና ጀርባዋን አጉብጣ ትጮኻለች። ድርቆሽ መብላት ቀንሳለች። እህቴ ፎቶውን በቴሌግራም ላከችልኝና "ምን ልስጣት?" አለች።

የጊኒ ፒግ ሽንት ጤነኛ ሆና እንኳ እንደ ሰው ጥርት ያለ አይደለም። ብዙ ጊዜ ደፍረስ ይላል፤ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይተዋል። ያ ነጭ ነገር ካልሲየም ነው፤ ትንሽ ከሆነ አያስፈራም። ደም፣ ማማጥ፣ ሲሸኑ መጮኽ፣ ምግብ መቀነስ ግን የበሽታ ምልክቶች ናቸው። ሴት ጊኒ ፒግ እንደ ሰው የወር አበባ የላትም። ስለዚህ "ወቅቷ ነው" ተብሎ የሚታለፍ ደም የለም፤ ወይ ከሽንት መንገድ ነው፣ ወይ ከማህፀን ነው፣ ሁለቱም ምርመራ ይፈልጋሉ። ወንድ ከሆነ ደግሞ የሽንት ቱቦው ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ጠጠሩ መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ሽንቱን ሊዘጋው ይችላል። እየሞከረ ምንም ጠብ የማይልለት ወንድ ጊኒ ፒግ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

"ለልጅቷ ጆሮ የታዘዘላት አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ፍሪጅ ውስጥ ተርፏል፤ ትንሽ ጠብ ላድርግላት?" አለችኝ።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ "እንዳትሞክሪው!" አልኳት። የተረፈ አንቲባዮቲክ ማስቀመጥ የብዙዎቻችን ቤት ልማድ ነው፤ ለሰውም ቢሆን ልክ አይደለም። ለጊኒ ፒግ ግን ገዳይ ሊሆን ይችላል። እነዚህ እንስሳት የሚበሉትን ሣር የሚያብላሉት በትልቁ አንጀታቸው ውስጥ ባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን የመሳሰሉት በአፍ ሲሰጡ ጠቃሚዎቹን ይጨርሱና መርዝ የሚያመነጩት ባክቴሪያዎች ቦታውን ይወርሱታል። እንስሳዋ በተቅማጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ለእነሱ የሚስማሙ ሌሎች አንቲባዮቲኮች አሉ፤ የሚመርጠው ግን የእንስሳት ሐኪም ነው።

በማግስቱ ትንንሽ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ራጅ ተነሳች። የሽንት ፊኛዋ ውስጥ ሽምብራ የሚያህል ነጭ ክብ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየ።

*ጠጠሩ ከምን ይሠራል?*

እኛ ሰዎች ካልሲየም ስንበላ አንጀታችን የሚፈልገውን ያህል መርጦ ይወስዳል። የቀረው ከሰገራ ጋር ይወጣል። የጊኒ ፒግ አንጀት ግን እንደ ጥንቸል ነው፤ ካልሲየም በመጣለት መጠን ብዙውን ይቀበላል፤ ትርፉን የሚያስወጣው በኩላሊት በኩል ነው። በዚያ ላይ ሽንቷ አልካሊ ነው፤ ፒኤቹ ብዙ ጊዜ 8 እና 9 አካባቢ ይሆናል። ካልሲየም በዝቶ ሽንቱ ደግሞ አልካሊ ሲሆን ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው ነገር እንደ ደቃቅ አሸዋ ይረጋል። ይህ የኖራ ድንጋይና የእንቁላል ቅርፊት የተሠሩበት ነገር ነው። አሸዋው በቂ ውሃ ካላጠበው፣ እንስሳዋም ብዙ የማትንቀሳቀስ ከሆነ፣ እየተጠራቀመ ጠጠር ሊሆን ይችላል።

እህቴ "የሚያሟሟ መድኃኒት የለም?" አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። በሰው ላይ ከዩሪክ አሲድ የሚሠራ የኩላሊት ጠጠር ሽንቱን አልካሊ በማድረግ በመድኃኒት ሊሟሟ ይችላል። የሽሮ ጠጠር ግን በዚያው በአልካሊ ሽንት ውስጥ የተፈጠረ ነው። እሱን ለማሟሟት ሽንቷን አሲድ ማድረግ ያስፈልግ ነበር፤ የሣር በል እንስሳ ሰውነት ደግሞ ያንን አይቀበልም። ስለዚህ በፊኛ ውስጥ ያለ ትልቅ ጠጠር መውጫው ቀዶ ጥገና ነው።

ቀዶ ጥገናው ከ1,000 ዶላር በላይ አስወጣ። እናታችን ከአዲስ አበባ ስትሰማ "ለአይጥ?" ብላ አማተበች። እህቴ ግን "እማዬ፣ ልጅቷ ሦስት ቀን አልበላችም እኮ" አለቻት። እናታችን ያን ጊዜ ዝም አለች።

ሽሮ ከማደንዘዣው በሰላም ነቃች። ዋናው ሥራ የተጀመረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ጊኒ ፒግ ለአንድ ቀን እንኳ ሳትበላ ከቀረች አንጀቷ ሥራ ሊያቆም ይችላል። በየጥቂት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ የተበጠበጠ ምግብ በሲሪንጅ እየሰጡ፣ ማስታገሻዋን በሰዓቱ እየሰጡ አስታመሟት። የእህቴ ባል ሌሊቱን ተካፈለ። በሳምንቷ ድርቆሿን ጥርስ በጥርስ አደረገች።

*ከ7 ወር በኋላ*

ጠጠሩ ተመለሰ።

እህቴ ተናደደች። "ታዲያ ያ ሁሉ ቀዶ ጥገና ለምን ነበር?" አለችኝ። ይህን ጥያቄ ክሊኒክ ውስጥ ከሰው ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የኩላሊት ጠጠር ከያዛቸው ሰዎች ምንም መከላከያ ካላደረጉ እስከ ግማሽ የሚሆኑት በ10 ዓመት ውስጥ እንደገና ሊይዛቸው ይችላል። የሽንት ፊኛ ጠጠር ያለበት አዛውንትም ጠጠሩ ወጥቶ የፕሮስቴት ችግሩ ካልታከመ፣ ፊኛው ሽንቱን ጨርሶ ስለማያስወጣ ጠጠሩ ይመለሳል። ቀዶ ሐኪሙ የሚያወጣው የተሠራውን ጠጠር ነው። ጠጠሩን የሚሠራው ሰውነት ግን እዚያው አለ።

እህቴን ይህን ነገርኳት፦ ቀዶ ጥገናው ከንቱ አልነበረም፤ ሕመሟን አስወግዷል፣ ጊዜ ሰጥቷችኋል። አሁን የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ጠጠሩ እንዲሠራ የሚያግዘው ምንድን ነው?

የሽሮን የምግብ ዝርዝር አብረን አየን። ድርቆሿ የአልፋልፋ ነበር። አልፋልፋ ካልሲየሙ ከፍተኛ ነው፤ ለሚያድጉና ለእርጉዞች እንጂ ለአዋቂ ጊኒ ፒግ አይመከርም። ሌላው ጎመን ነበር። አሜሪካ ያሉ ሐበሾች ጎመን የሚሠሩበት ኮላርድ የሚባለው ቅጠል በካልሲየም ከበለጸጉት አንዱ ነው። እህቴ ጎመን በቀነጠሰች ቁጥር ልጅቷ ግንዱንና ቅጠሉን ለሽሮ ትወስድላት ነበር። ውሃዋ ደግሞ በአንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር፤ ጫፉ ሲደፈንም ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው ጠጠር ትንሽ ስለነበረች ሐኪሙ በማደንዘዣ፣ ሳይቀድ፣ በሽንት መውጫዋ በኩል አወጣት። ሴቶቹ የሽንት ቱቧቸው አጭርና ሰፋ ያለ ስለሆነ ይህ አንዳንድ ጊዜ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ቤቱ የሚከተለውን ለወጠ፦

✔ ድርቆሹ የአልፋልፋ መሆኑ ቀርቶ ጢሞቲ የሚባለው የሣር ድርቆሽ ሆነ፤ ሌሊትም ቀንም ሳይቋረጥ።

✔ ጎመን ከዕለታዊ ምግብነት ወጣ። በምትኩ ሰላጣና የማያቃጥለው ትልቁ የፈረንጅ ቃሪያ ገባ። ቃሪያው ቫይታሚን ሲ አለው፤ ካልሲየሙም ዝቅተኛ ነው።

✔ ቅጠሉ ሁሉ ውሃ እንደነካው ይሰጣታል። ከጠርሙሱ ሌላ ከበድ ባለ ሳህን ውሃ ተቀመጠላት።

✔ በየቀኑ ከሳጥኗ ወጥታ ሳሎን ውስጥ ትሮጣለች።

✔ በሳምንት አንድ ቀን በወጥ ቤት ሚዛን ትመዘናለች፤ ልጅቷ ግራሙን ደብተር ላይ ትጽፋለች። ጊኒ ፒግ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ሚዛኑ ግን አይደብቅም።

ቫይታሚን ሲን ለምን አነሳሁ? ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በሰውነቷ መሥራት አትችልም፤ ከምግብ ካላገኘች ስከርቪ ይይዛታል። በ1907 ሆልስት እና ፍሮሊክ የተባሉ ኖርዌያውያን ተመራማሪዎች ስከርቪን በእንስሳ ላይ ማጥናት የቻሉት በዚች ፍጡር ምክንያት ነው። ስለዚህ "ቅጠል ሁሉ ይቅር" ማለትም ሌላ በሽታ መጥራት ነው። ካልሲየምንም ጨርሶ መከልከል አይገባም፤ አጥንትና ጥርስ ይፈልጉታል። የሚፈለገው መመጠን ነው።

ሐኪሙ በተጨማሪ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባል መድኃኒት በጣም በትንሽ መጠን አዘዘላት። ለደም ግፊት የምንሰጠው መድኃኒት ነው፤ በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም ይቀንሳል ተብሎ ነው የሚሰጠው። እናታችን ይህን ሰምታ "የእኔን ክኒን ነው?" ብላ ሳቀች። አዎ፣ ያው ነው። ግን የእማዬን ክኒን በቢላ ቆርሶ ኪሎ ለማትሞላ እንስሳ መስጠት መርዝ እንደ መስጠት ነው።

*"ጠጠር ጠጠር ነው" ያመጣው ችግር*

አሁን ወደ እኛ ቤት ልምጣ። እናታችን ራሷ ከሁለት ዓመት በፊት የኩላሊት ጠጠር ነበረባት። የሽሮን ወሬ በስልክ ስትሰማ ከረመች። አንድ እሑድ ልጠይቃት ስሄድ፣ ፍስክ ሆኖ ሳለ ቡናዋን ያለ ወተት አቀረበች፤ አይቡም ከገበታው የለም። "ምነው?" ስላት "ጠጠሩ ከካልሲየም ነው አላላችሁም? ተውኩት!" አለች።

ውድ ተከታታዮቼ፣ ይህ እናቴ ብቻ የምታስበው አይደለም። ብዙ ሰው የኩላሊት ጠጠር እንዳለበት ሲነገረው መጀመሪያ የሚተወው ወተት ነው። በሰው ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የሰው የኩላሊት ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ኦክሳሌት ነው። ኦክሳሌት በቆስጣ፣ በስፒናች፣ በቀይ ሥር፣ በለውዝ ውስጥ በብዛት ይገኛል። በአንድ ማዕድ ካልሲየም ያለው ምግብ አብረን ስንበላ ካልሲየሙ ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይይዘውና በሰገራ ይወጣል። ካልሲየሙን ስናስቀር ኦክሳሌቱ ነፃ ሆኖ ወደ ደም ይገባል፤ ከዚያ ወደ ኩላሊት። በ2002 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመ የጣሊያን ጥናት ጠጠር የሚመላለስባቸውን 120 ወንዶች ለ5 ዓመት ተከታትሏል። ካልሲየም ከተከለከሉት 60 ሰዎች በ23ቱ ጠጠሩ ተመለሰ። ካልሲየም እንደ ወትሮው እየበሉ ጨውና ሥጋ ከቀነሱት 60 ሰዎች ግን በ12ቱ ብቻ።

ስለዚህ እናቴን "እማዬ፣ ወተትሽን ጠጪ፤ አይብሽንም ብዪ። የምትቀንሺው ጨው ነው፤ የምትጨምሪው ውሃ ነው" አልኳት። ጾም ሲሆን ደግሞ ካልሲየሙን ከጤፍ እንጀራና ከጎመን ታገኛለች። ለሽሮ የተከለከለው ጎመን ለእናቴ ይመከራል! ኦክሳሌቱ ከቆስጣ እጅግ ያነሰ ነውና።

ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጠንቅ ሊሆን ይችላል። ለጎረቤት የታዘዘ፣ ኢንተርኔት ላይ የተነበበ፣ ለሌላ ዓይነት ጠጠር የተሰጠ ምክር ለእርስዎ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው ጠጠር የወጣላችሁ ሰዎች ጠጠሩን ሳትጥሉ ለምርመራ አምጡ የምንላችሁ።

*ሦስተኛው ጊዜ*

ሽሮ ከሁለተኛው ጠጠር በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በደህና ኖረች። 5 ዓመት ሲሆናት ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ይወርድ ጀመር፤ 980 ግራም የነበረችው 760 ደረሰች። አሁን ጠጠሩ በፊኛዋ ብቻ ሳይሆን ከኩላሊት በሚወርደው ቀጭን ቱቦም ውስጥ ነበር። አንድ ኩላሊቷ አብጧል።

እህቴ ደውላ "አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?" አለችኝ። ውሳኔውን ልወስንላት አልፈለግሁም። ሐኪሙን የምትጠይቃቸውን ጥያቄዎች ግን ነገርኳት፦ ከማደንዘዣው የመንቃት ዕድሏ ምን ያህል ነው? ቢሳካ ለስንት ጊዜ ነው? አሁን እየተሰቃየች ነው? ምንም ባናደርግ ሕመሟን መቆጣጠር ይቻላል? ሐኪሙ በግልጽ መለሰላት። ባልና ሚስቱ ተመካከሩና በመድኃኒት፣ ያለ ሕመም እንድታርፍ ፈቀዱ።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። እናታችን "እግዜር ያመጣውን..." ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም። እኔም ላከራክራት አልፈለግሁም። መፈወስ ሲያቅት ማሳረፍ የእንስሳት ሕክምና አንዱ ክፍል ነው።

ለልጅቷ ግን ምን ይባል? እህቴ "አስተኝተናታል ልበላት?" አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ልጅ "ተኛች፣ አልነቃችም" ከተባለ ራሱም መተኛት ይፈራል፤ እናቱ ስትተኛም ይጨነቃል። "ሽሮ በጣም ታማ ነበር፣ ሐኪሙ ሊያድናት አልቻለም፣ ሞታለች፣ አሁን አያማትም" በሏት። ቀላልና እውነተኛ ቃል ይሻላል።

የ9 ዓመቷ ልጅ ሰማች፣ አለቀሰች። ማታ በቪዲዮ ጠራችኝና "አክስቴ፣ ጎመን ስለሰጠኋት ነው?" አለችኝ።

ክሊኒክ ውስጥም ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ልጇ የታመመባት እናት፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ በተለያየ ቃል ይጠይቁኛል። "በፍጹም" ብዬ አልዋሸኋትም፤ ልጆች ውሸት ይሸታቸዋል። እንዲህ አልኳት፦ "የኔ ቆንጆ፣ ጎመን ብዙ ሲሆን ጠጠሩን ሊያግዝ ይችላል። ግን ጎመን እየበሉ ምንም የማይሆኑ ጊኒ ፒጎች ብዙ ናቸው። ሣር ብቻ በልተው ጠጠር የሚይዛቸውም አሉ። የሽሮ ሰውነት ጠጠር መሥራት ይቀናው ነበር፤ ያንን ማንም አልመረጠውም። አንቺ የምትወጂውን ነገር አካፈልሻት፤ እንደማይስማማት ስታውቂ ደግሞ አቆምሽ። በየሳምንቱ የመዘንሻትም አንቺ ነሽ፤ መታመሟ ቶሎ የታወቀው በአንቺ ደብተር ነው።"

ትንሽ አሰበችና "ደብተሩን ላስቀምጠው?" አለች። "አስቀምጪው" አልኳት።

*ለሁላችሁም*

ቤታችሁ ጊኒ ፒግ ካለ፦ የሣር ድርቆሽ ሁልጊዜ፣ ንጹሕ ውሃ በሁለት ቦታ፣ በየቀኑ ቫይታሚን ሲ ያለው ትኩስ ቅጠል፣ በየሳምንቱ ሚዛን። ደም ካያችሁ ወይም ምግብ ከተወች በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። የሰው መድኃኒት አትስጧት።

እናንተው ጠጠር ነበረባችሁ ከሆነ፦ በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ሽንት እንዲወጣችሁ የሚያደርግ ውሃ ጠጡ። ሽንታችሁ ነጣ ካለ ደህና ናችሁ፤ እንደ ጠጅ ከቢጫ በላይ ከሆነ ውሃ አንሷችኋል። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለባችሁ ግን መጠኑን ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጨው ቀንሱ። ካልሲየም ያለውን ምግብ ከማዕዳችሁ አታውጡ፤ ከፍተኛ መጠን ያለው የቫይታሚን ሲ እንክብል ግን ያለ ሐኪም ምክር አትውሰዱ፣ ትርፉ ወደ ኦክሳሌት ይቀየራልና። የጎን ሕመም ከትኩሳትና ብርድ ብርድ ከማለት ጋር ከመጣ ወይም ሽንት ከተዘጋ አትዘግዩ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ጠጠሩ ከተመለሰ ደግሞ ራሳችሁንም ሐኪማችሁንም ለመውቀስ አትቸኩሉ። "ጠጠሩ ከምን የተሠራ ነው? የእኔ ሰውነት ለምን ይሠራዋል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ። ጠጠር ላለበት ወዳጃችሁ፣ ጊኒ ፒግ ላላቸው ልጆች ወላጆችም አጋሩት።

መልካም ጤና!